ውሻ ከመክተባችሁ በፊት እረኛውን ጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደቡብ ወሎ በአጅባር ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን በሳይንት ደጋ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ቦረና ሳይንት ፓርክ በየስብሰባው ብዙ ይወራል። ከቀይ ቀበሮና ከጭላዳ ጋር የሚውለው የደጋ ሰው ግን የሚጠራው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ለጭብጨባ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በመላ አገሪቱ ለመውለድ የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ከዋና ጠላቶቹ አንዱ ከሰው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ አንዴ ከገባ የቀበሮ ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል። ስለዚህ የደጋው ውሻ መከተብ አለበት፤ በዚህ የሚከራከር የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክትባት ይዘው የመጡ ባለሙያዎች ግን «ውሾቻችሁን በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አምጡ» ብለው አስነገሩ። በዚያ ሰዓት የደጋ ውሻ የት እንደሚውል በግ የሚጠብቅ ሕፃን ያውቀዋል፤ ከመንጋው ጋር በጓሳው ሣር ውስጥ ነው። ደግሞስ የእኛ አገር ሰው ውሻ በገመድ እየጎተተ ቢሮ የሄደው መቼ ነው? የተከተቡት ከተማ ዳር የሚውሉት፣ ቀይ ቀበሮ በዓይናቸው ያላዩት ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን ክትባቱ «ተሳክቷል»።

በኋላ አንድ ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፦ «ማታ በጎቹ ሲገቡ መምጣት ነበረባቸው። ውሻው ለባዕድ አይያዝም፤ ልጁ ሲጠራው ግን ይመጣል። ልጁ ይያዘው፣ እነሱ ይውጉት።» ይህን ለማወቅ የአንድ ማታ ቡና ይበቃ ነበር።

እረኞቻችን ሌላም ያውቃሉ። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው በአይጥ እንደሆነ፣ አልፎ አልፎ ጠቦት ቢወስድም የብዙው ጠቦት ሌባ ሌላ አውሬ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ከጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን እንደሚቀናውም ያወራሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል፤ ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ።

ጓሳን ካነሳሁ አይቀር፣ የመንዝ ሰው ያን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ጠብቆታል። አለቃውን ራሱ ይመርጣል፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል፤ ያጠፋውን ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ። ጎረቤታችን ነው፤ ሄዶ መማር የሚከብድ አይመስለኝም።

የሩቅ ምሳሌ ለሚወድ ደግሞ አላስካ አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በዚያ ባሕር የሚገኘው አንድ የዓሣ ነባሪ ዝርያ ከ2 ሺህ አይበልጥም በሚል ግምት አደኑን ከለከለ። የአገሩ አዳኞች «እናንተ የቆጠራችሁት ከበረዶው ዳር የታየውን ብቻ ነው፤ ብዙው ከበረዶው ሥር ያልፋል፤ በረዶውን በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል» አሉ። በውኃ ውስጥ ድምፅ መቅጃ ሲደመጥ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩም ከመጀመሪያው ግምት በብዙ እጥፍ በለጠ። እዚያም ሳይንሱ አልተሻረም፤ የት እንደሚደመጥ የጠቆሙት ግን አዳኞቹ ናቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቀጥለው ክትባት ማታ፣ በየጎጡ፣ ከእረኞች ጋር ተመክሮበት ይሁን። የፓርኩ ወሰን ሲካለል ሣርና ውኃው በየወቅቱ የት እንዳለ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከካርታ አንሺው ጋር አብረው ይሂዱ፤ ስማቸውም ከቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ደግሞም እረኛ ሞቶ የወደቀ ቀበሮ ሲያገኝ ለማን እንደሚናገር እስከ ዛሬ የነገረው ሰው የለም። አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጠው፤ ሲደውልም የሚያነሳ ሰው ይኑር።

ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት
አጅባር፣ ደቡብ ወሎ