ከኑኦሮ፣ ጣልያን፣ ወደ ኩታበር፣ ወሎ

ለእናቴና ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊትም ጉንፋኑ ለቋቸው እንደ ልማዳቸው ማጉረምረም ጀምረዋል፤ ተሽሏቸዋል ማለት ነው።

ታናሻችን ሚጡ ባለፈው ስደውል እያለቀሰች ስልኩን ዘጋችብኝ። የግጥም ደብተሯ ምድጃ ውስጥ መግባቱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። «ሴት ልጅ ደሴ ድረስ ሄዳ መድረክ ላይ ግጥም ስታነብ ሰው ምን ይላል?» ብለሃል አሉ፣ ወንድም ጋሼ። በስልክ ብናወራው እንጯጯሃለን፤ ስለዚህ ጻፍሁ።

አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ከኦርቶቤኔ ተራራ ግርጌ ወዳለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እወስዳቸዋለሁ። (የደሴው ጦሳ ተራራ ይበልጠዋል፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኋቸውም።) እዚያ የተቀበረችው ደራሲዋ ግራትሲያ ዴሌዳ የዚህችው የኑኦሮ ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ተወለደች። አገሩ የእረኛና የበግ አገር ነው፤ ያኔ ሴት ልጅ አንደኛ ደረጃን ከቀመሰች በቃት ይባል ነበር። እሷም ትምህርት ቤት የሄደችው ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የቤታቸው ቋንቋ የዚህ የሰርዲኒያ ደሴት ቋንቋ፣ ሰርዲኛ፣ ስለሆነ መጽሐፍ የምትጽፍበትን ጣልያንኛ እንኳ እንደ ባዕድ ቋንቋ ነው የተማረችው።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሮም ወዳለ መጽሔት ታሪክ ላከች፤ ታተመላት። ከተማው ተንጫጫ! ስለ ራሷ ልጅነት በጻፈችው ልብ ወለድ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ ሁለት አክስቶች ልጅቷን ሊገሥጹ እየሮጡ ይመጣሉ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የእኛዎቹን አክስቶች አየኋቸው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ልጅቷ ለፖስታ መላኪያ ገንዘብ ብታጣ ከቤቱ ጓዳ አንድ ሊትር ዘይት ሰርቃ ትሸጣለች።

እማዬ፣ «ማን ያገባታል?» እንዳልሽ አውቃለሁ። ዴሌዳን ያገባት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ካልያሪ ከተማ ተዋወቁ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 ተጋቡ፣ ሮም ገቡ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ሰውየው የሚስቱን የመጽሐፍ ጉዳይ እሱ ስለሚያስፈጽምላት ብዙ ተሳቀበት፤ ግድ አልሰጠውም። እሷም ቤቷን እያስተዳደረች በየቀኑ ትጽፍ ነበር። የ1926ን የኖቤል ሽልማት ለሥነ ጽሑፍ ስትወስድ ከሴቶች ሁለተኛዋ፣ ከጣልያን ሴቶች ደግሞ የመጀመሪያዋ ሆነች። ያ የተንጫጫ ከተማ ዛሬ የተወለደችበትን ቤት ሙዚየም አድርጎ እንግዳ ያስጎበኛል።

የሞተችው እኛ 1928 ብለን በምንቆጥረው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፤ የአገሯ ጦር ደሴን በያዘበት ዓመት። መቃብሯ አጠገብ ስቆም ይህ ይቆረቁረኛል። ያም ሆኖ የልጅቷ ነገር ከልቤ አይወጣም።

እማዬ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ተሰብስበው ቡናው ሲፈላ፣ እጣኑ ሲጨስ፣ ግጥሙን እየፈጠርሽ የምታወርጂው አንቺ አይደለሽም? ሌሎቹ እየተቀበሉሽ ስንት ሌሊት ነግቷል! ሚጡ ታዲያ ከማን ወረሰችው? ያንቺ አንዱም ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ እኔ እንኳ የማስታውሰው ሁለት ወይም ሦስት ስንኝ ነው፤ እሱንም ሌሊት አሮጊቷን ሳገላብጥ አንጎራጉረዋለሁ። ወንድም ጋሼ፣ አንተስ በልጅነትህ ጭኗ ላይ ተኝተህ የሰማኸው እሱን አይደል? ያኔ ነውር ነው አላልህም።

ደብተሩ ተቃጥሏል፤ አንተን መውቀስ አይመልሰውም። በባንክ የላክሁት ብር ግን ለሁለት ይከፈል። ግማሹ ለእማዬ መድኃኒትና ለቤት ወጪ፣ ግማሹ ለሚጡ ደብተርና ለደሴ መሳፈሪያዋ ነው። የጣራው ቆርቆሮ ለመጪው ዓመት ይቆይ። ደሴም አንተው ራስህ ውሰዳት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠህ ስማት።

ለሚጡም ንገሩልኝ፦ የፖስታውም የመሳፈሪያውም ተልኳል፤ የእማዬን የዘይት ጀሪካን እንዳትነካ።

ናፋቂያችሁ ልጃችሁ
ከኑኦሮ፣ ሰርዲኒያ