የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ስምንት ጎን በብሎኬት

መስከረም ላይ በለጠፍኩት ማስታወቂያ «ጨዋታ» የምትል ቃል ስላስገባሁ የተመዘገበው ተማሪ ከወንበሩ በለጠ። ግማሹ የመጣው ማይንክራፍት (በብሎኬት ቤትና ዓለም የሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ) አለ ብሎ ነው። ማይንክራፍት ይገዛል፤ ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው እትሙም በየተጠቃሚው ይከፈልበታል። እኛ የያዝነው በዚያው መልክ የሚጫወቱትን፣ በነጻ የሚገኘውን ሚንቴስትን ነው። ጥቅምት ላይ ስሙ ተቀይሮ ሉዋንቲ ተብሏል። ያረጁት ኮምፒውተሮቻችን ቻሉት። አንዱን ሰርቨር አድርገን ሌሎቹን በኬብል ስላገናኘን ኢንተርኔት አላስፈለገንም። መብራት ሲጠፋ ግን ያው ነው።

ፒያሳ በእግር የሚደረስ ስለሆነ የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን ለመሥራት ተስማማን። ዙሪያውን ዞረን አየነው፤ ስምንት ጎን አለው። በጨዋታው የአንድ ብሎኬት ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር ነው። ለሞዴላችን እያንዳንዱን ጎን 10 ብሎኬት አልን። አራቱ ጎኖች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አራቱ ሰያፎች ደግሞ እንደ ደረጃ ተደረደሩ። ከላይ ሆነን ስናይ ሰያፎቹ ረዝመዋል። «ቲቸር፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁሉም 10 ነው» ትላለች አንዷ። «አይታይሽም እንዴ?» ይላታል ሌላው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ ብነግራቸው በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ክርክር ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ አልነገርኳቸውም። (ባልደረቦቼ በመስኮት ብቅ እያሉ «ዛሬም ጨዋታ ነው?» ይሉኝ ነበር።)

በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ደብተሩ ላይ አንድ ካሬ ስሎ ከጥግ ወደ ጥግ አሰመረበት። ፓይታጎረስ! በሰያፍ አንድ ብሎኬት የሚሸፍነው 1 ሜትር ሳይሆን √2፣ ወደ 1.414 ሜትር ነው። 10 ሲደረደር 14 ሜትር ያልፋል። ሰያፉን 7 አድርገን እንደገና ሠራን፤ 9.9 ሜትር መጣ። የጎደለችው 10 ሳንቲ ሜትር ግን እንቅልፍ ነሳቻቸው። በሳምንቱ ቀጥታው 17፣ ሰያፉ 12 ቢሆን ልዩነቱ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሚሆን አስልተው መጡና ግድግዳውን ለሁለተኛ ጊዜ አፈረስነው። ሳይፈቀድለት ማፍረስ የጀመረ ግን አልጠፋም። ከአስተማሪው ኮምፒውተር በአንድ ትእዛዝ የተማሪን የመሥራትና የማፍረስ ፈቃድ ማንሳት ይቻላል፤ ልጁ እየተዘዋወረ ያያል እንጂ አይነካም። ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ከጥር በኋላ የራሳችንን ብሎኬት ወደ መሥራት ገባን። በእያንዳንዱ ብሎኬት ፊት አንድ ፊደል እንዲኖር ፈለግን። ሥዕሉ 16 በ16፣ በድምሩ 256 ነጥብ ነው፤ ሀ በዚህ ትበቃለች፤ ሸ ግን ለራሷ ሰረዝ ቦታ ካልተተወላት ከሰ ጋር ትምታታለች። ብሎኬቱን ለጨዋታው የሚያስተዋውቀው ሉዋ በተባለው ቋንቋ የሚጻፍ አጭር ኮድ ነው። ኮማ የረሳ ልጅ ጨዋታው አልነሳም ይለዋል፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ያላስተማረውን ይህ አስተምሯል።

ከ231ዱ ፊደላት እስከ ቀ ቤት፣ 63ቱን ጨርሰናል። የካቴድራሉ ጣሪያ አልተከደነም። ሥራው ሁሉ በሰርቨሩና እኔ ጋ ባለው ፍላሽ ተቀምጧል። በመስከረም የሚመዘገቡ ከ«በ» ቤት ይጀምራሉ።