ላቫጆ ሲሠራ ክረምቱ ይታሰብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለመኪናው ራሱ ፕሬሸሩን (ውኃ በኃይል የሚረጨውን ማሽን) ይዞ የሚያጥብበት ላቫጆ አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥራት ላሰቡና ፕላን ለሚያጸድቁ ሁሉ ይህ እንዲደርስልን እንጠይቃለን። ከአውሮፓ የሚቀዳው ፕላን ወለሉ ሥር ማሞቂያ ቱቦ ይዘረጋል፤ ውኃ በረዶ እንዳይሠራም ሌሊቱን የሚያንጠባጥብ መስመር ይጨምራል። እዚህ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ይባክናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቱቦ አይሰነጥቅም። የእኛ ፈተና የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው።

ዋናው ነገር ከጣሪያ የሚወርደውን ንጹሕ ውኃ ከመኪና ከሚወርደው እድፍ መለየት ነው። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ማጠቢያ ክፍሎች ከነታዛቸው ወደ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይኖራቸዋል። በደቂቃ 12 ሊትር የሚረጩ ሁለት ማሽኖች አንድ ላይ ቢሠሩ 24 ሊትር ያፈሳሉ። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ግን ከጣሪያው ብቻ በደቂቃ 50 ሊትር ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ከገቡ ዝናቡ ተንሳፍፎ የቆየውን ዘይት ገፍቶ ያወጣዋል፤ ዘይቱም በቦዩ በኩል ወንዝ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ደግሞ አትክልት ይለማል።

የጣሪያው ውኃ በአሸንዳና በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ) ይሂድ። ከሮቶው በፊት 200 ሊትር በርሜል ይቀመጥና የበጋውን አቧራ የሚያጥበውን የመጀመሪያ ዝናብ ይቀበል፤ ሲሞላ ቀሪው ወደ ሮቶ ያልፋል። በርሜሉ ከሥሩ ትንሽ የማፍሰሻ ቧንቧ ካልተሰጠው ለቀጣዩ ዝናብ ሞልቶ ይጠብቃል፤ ያኔ ጥቅም የለውም። በወር 200 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና አምስተኛው ቢባክን እንኳ 16,000 ሊትር ይጠራቀማል። አንድ መኪና ለአምስት ደቂቃ ርጭት 60 ሊትር ስለሚወስድ ይህ ከ260 መኪና በላይ ያጥባል። የዝናብ ውኃ ጨው ስለሌለው መስታወት ላይ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከእሱ የተሻለ የለም። አሸንዳው ሰፋ ይበል፤ በረዶ ሲጥል ጠባቡ ይደፈንና ውኃው በግድግዳው ይወርዳል።

የእጥበቱ ፍሳሽ በሦስት ጉድጓድ ያልፋል፤ መጀመሪያው ለጭቃ፣ ሁለተኛው ለዘይት፣ ሦስተኛው ለማጣሪያ። እያንዳንዱ 1 ሜትር ኩብ ውኃ ቢይዝ በደቂቃ 24 ሊትር ፍጥነት በአንዱ ውስጥ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከሁለተኛው የሚወጣው ቱቦ ጫፍ በጎሚቶ (በቱቦ ማጠፊያ) ወደ ታች ታጥፎ ከውኃው ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ያኔ ዘይቱ ከላይ ይቀራል፣ ውኃው ከሥር ይወጣል። ጎሚቶው ከተረሳ ሦስት ጉድጓድ መቆፈሩ ትርጉም የለውም። ጭቃው የጉድጓዱን ሲሶ ሲይዝ ይዛቅ፤ በክረምት በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል። ሞተር በናፍጣና በኃይለኛ ሳሙና ማጠብ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ መከልከል አለበት። ሳሙናው ዘይቱን ከውኃው ጋር ስለሚያዋህደው አይንሳፈፍም፤ ጉድጓዱም ሊይዘው አይችልም።

ወለሉ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ በብዛት ያለው መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ቢቻል ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ጥልቅ ከሆነም ቢያንስ እስከ አንድ ሜትር ተቆፍሮ በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ይተካ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩም ይጠቅጠቅ። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲ-25 (በጥንካሬ ደረጃው) ኮንክሪት ይሞላ፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይዘርጋበት። ወደ መሐሉ ቦይ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያዘንብል። ሊሾ (የለሰለሰ ሲሚንቶ) ግን አይሁን፤ ሳሙና ሲነካው ሰው ይጥላል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት በሬንጅ ይደፈን፤ በዚያ የሚሰርገው ውኃ ከሥር ያለውን አፈር አሳብጦ ወለሉን ያነሳዋል።

የከተማዋ ከፍታም አይረሳ። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ፓምፕ ከሥር ውኃ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። ሮቶው ከማሽኑ ከፍ ብሎ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ይቀመጥ። ማሽኑ ጠጠር እንደሚፈጭ ከጮኸ ውኃ አጥሮታል፤ ቶሎ ካልጠፋ ጎሚኒው (ውኃ የሚይዘው ጎማ) ያልቃል። የዲናሞ (ማሽኑን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) መጠን የሚጻፈው በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ በሳሳ አየር በደንብ ስለማይቀዘቅዝ 2.2 ኪሎ ዋት ለሚበቃው ሥራ 3 ይገዛ።

ክፍሎቹ መግቢያና መውጫቸው በሰሜንና በደቡብ ቢሆን፣ የምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ በብሎኬት ቢዘጋ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ሳሙናውን ቀለም ላይ አያደርቀውም። ሃይሩፍ ሚኒባስ ከነፖርቶመጋላው (ከጣሪያ ዕቃ መጫኛው) እንዲገባ ከፍታው ከ3.2 ሜትር አይነስ። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይለያል፤ ውኃው ኖራ የበዛበት ስለሆነ ጥላውና በጨው የሚሠራ የውኃ ማለስለሻ ከአሸንዳው ይቀድማሉ።

ፕላን የሚያጸድቁ ባለሙያዎች አንድ ነገር እንዲጠይቁ እንለምናለን፦ የጣሪያው መስመርና የወለሉ መስመር በሥዕሉ ላይ ለየብቻ ይታዩ፤ የሁለተኛው ጉድጓድ ጎሚቶም ኮንክሪቱ ከመሸፈኑ በፊት በዓይን ይረጋገጥ።

ከውኃና ፍሳሽ ግንባታ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ