ውሻ አለኝ፣ የሚያከራየኝ ግን አጣሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቤት ኪራይ ውድነት ብዙ ጊዜ ትጽፋላችሁ፣ አነባለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ኪራዩን መክፈል እየቻልኩ ቤት ስላጣሁበት ምክንያት ነው። ውሻ አለኝ። ቡቺ ይባላል፣ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሰሚት አካባቢ አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ቡቺን ገና ቡችላ እያለ ያመጣሁት አከራዬን ጠይቄ ነው። እማማ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር፣ ግቢውን ያቆሽሻል ብለው ፈርተው ነበር፣ ዓመት ሳይሞላ ግን አጥንት ሳይቀር እያስቀመጡለት እኔ ሥራ ሳመሽ የሚያበሉት እሳቸው ሆኑ። አሁን ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ፈለጉት። በቂ ጊዜ ሰጥተውኛል፣ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ ከደላላ ጋር መዞር ሆኗል ሥራዬ። ጎሮ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ድረስ ሄጃለሁ። ቤቱን አይቼ፣ ዋጋ ተነጋግረን፣ የውሃና የመብራቱን ነገር ጨርሰን፣ "ውሻ አለኝ" ስል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ትልቅ ነው ትንሽ፣ ይናከሳል ወይ፣ ተከትቧል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም አከራይ የለም።

አንዱ ደላላ "እህቴ ምን አስጨነቀሽ፣ ስትዋዋይ አትናገሪ፣ አንዴ ከገባሽ ምን ያደርጉሻል?" አለኝ። ይህን የሚያደርጉ ተከራዮች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን እንዲህ ከሆነ ውሻውን ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ዘግቼበት፣ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥኩ፣ ሌሊት ተደብቄ እያወጣሁት ልኖር ነው። አንድ በር ከምጋራው ሰው ጋር በውሸት መጀመር አልፈልግም።

እሺ ያሉኝ አንድ አከራይ ብቻ ናቸው። እሳቸውም "ውሻ ካለሽ የስድስት ወር ቅድሚያ ትከፍያለሽ" አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን አይፈቅድም። ይህንን ስነግራቸው ስልኩን ዘጉት።

የአከራዮች ስጋት ባዶ ነው አልልም። በእምነታቸው ምክንያት ውሻ ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ አሉ፣ እንዲህ ያሉኝን ሰዎች አመስግኜ ነው የወጣሁት። የእብድ ውሻ በሽታም ቀልድ አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከዚያ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው ይላል። ለዚህ ግን ክትባት አለ። ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል፣ ካርዱን ቤት ፍለጋ በወጣሁ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ውሻውን ከአከራይ እምቢታ የተነሳ መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰውም አለ። ያ ውሻ ከዚያ በኋላ ማን ያስከትበዋል? የምንፈራው በሽታ የሚዛመተው እኮ ባልተከተቡት በኩል ነው።

"ሰው ቢነክስስ?" ለሚሉኝ ደግሞ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው የእንስሳው ባለቤት ነው ይላል፣ ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ቢሆን። ስለዚህ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ካየኋቸው ግቢዎች ደግሞ ብዙዎቹ የራሳቸው ውሻ አላቸው። ሌባ እንዲጠብቅ ተብሎ በር አጠገብ ታስሯል። እነዚህ አከራዮች ከውሻ ጋር መኖር ያውቁበታል። የእኔን ሳያዩ እምቢ የሚሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያዛል። መጻፉ ካልቀረ፣ ስለ ውሻ አንድ አንቀጽ ይግባበት። የክትባት ካርድ በየዓመቱ አሳያለሁ። ግቢ ውስጥ ያለ ገመድ አልለቀውም፣ የሚጥለውን አጸዳለሁ። በር ቢቧጭር ሳልወጣ አስቀብቼ አስረክባለሁ። ጎረቤት በጩኸቱ ደጋግሞ ካማረረ ደግሞ እለቃለሁ፣ እሱም ይጻፍ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ የሕንፃው ማኅበር ደንብ አለው፣ እሱንም አብረን እናያለን።

እናንተም ስለ ኪራይ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ስታነጋግሩ ይህንን ጠይቁልኝ፦ የውል ቅጹ ላይ ስለ ቤት እንስሳ የሚሞላ ቦታ ማድረግ ይቻል ይሆን? ቦታው ካለ ቢያንስ ደላላው ደብቂው አይለኝም፣ አከራዩም ከእምቢታው በፊት ይጠይቀኛል።

ቡቺን ለጊዜው እህቴ ልትይዝልኝ ነው፣ እሷም ተከራይ ስለሆነች ከሁለት ሳምንት በላይ አትችልም። ቤቱን ለሙሽሮቹ የማስረክበው በወሩ መጨረሻ ነው።

ውሻ ያላት ተከራይ፣ ከአዲስ አበባ