ካሜራውን ከመቀየርሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አያትሽ ሰላም ብላሻለች። ጅማ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም።

በስልክ ያነሳሽልኝን ጉዳይ ሳስብበት ሰነበትኩ። ካሜራው አርጅቷል፣ ጓደኞቼ ሚረርለስ፣ ያ ውስጡ መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት ካሜራ ይዘዋል ብለሻል። እውነት ነው፣ ያንቺው ካኖን 600ዲ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ግን 18 ሜጋፒክስል አለው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ይበቃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምለውጠው ሌንሱን ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ዙም ሲደረግ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። 50 ሚሊሜትር የሚባለው ሌንስ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ማታ ሳሎን ውስጥ ያለ ፍላሽ ታነሺበታለሽ። የ600ዲ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሆኖ ያቀርባል። ለፊት ፎቶ እሰየው ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ያግድሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዒድ ዕለት ያነሳሽውን የአጎትሽን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። አቀማመጡም ፈገግታውም አምሮበታል። ፊቱ ግን የሱ አይደለም። ነጥቷል። ብዙ ስቱዲዮ ቤት ፊት ማንጣትን እንደ ማሳመር እንደሚቆጥር አውቃለሁ። አንቺ ግን እባክሽ አታድርጊው። የአጎትሽ ጥቁረት ውበቱ ነው፤ የምናውቀውም በሱ ነው።

እንዴት እንደሆነም ይገባኛል። ካሜራው ያየውን ሁሉ አማካኝ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ነጭ ጀለቢያ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ከዚያ ሙሉ ፎቶውን በሶፍትዌር ስታበሪው ቀለሙ ይበላሻል። ስታነሺ በፕላስና ማይነስ ቁልፉ ትንሽ ወደ ፕላስ ውሰጂው፤ ጀለቢያው ተቃጥሎ የጨርቁ እጥፋት እስኪጠፋ ግን አታድርሺው።

ደግሞ ሁልጊዜ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል አንሺ። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። የካሜራሽ ሮው ፋይል ባለ 14 ቢት ስለሆነ እስከ 16,384 ይደርሳል። የጨለመ ፊት ቀስ ብሎ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበትን ላይትሩም አትመኚ። ዳርክቴብል ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ላይ ይሠራል። ሲጀመር ግራ ያጋባል፣ ታገሺው። መጀመሪያ የነጭ ሚዛኑን አስተካክዪ፤ ዛፍ ሥር የተነሳ ሰው ከቅጠሉ አረንጓዴ ይነካካዋል። ከዚያ ፊቱ ላይ ክብ ማስክ (ለውጡን እዚያው የሚገድብ ክልል) ሣዪና ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ብርሃኑን፣ እዚያው ብቻ ከፍ አድርጊ። ጠርዙን አለስልሺው። ዋናው ፋይል አይነካም፤ የሠራሽው ሁሉ ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ይቀመጣል። ፎቶዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ስትገለብጪ እሱንም አብረሽ ውሰጂ፤ ያለዚያ ድካምሽ ገደል ይገባል። ሁለት ቦታ ደግሞ አስቀምጪ።

ለቡና ለቀማ ስትመጪ አንድ ነገር አሳይሻለሁ። ቀይ እሸት ቡና ፀሐይ ላይ ሲነሳ ሂስቶግራሙ፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ደህና መስሎ ቀዩ ብቻውን ይቃጠላል። ፍሬው ላይ ያለው ጤዛ፣ ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝበት ትንሿ ቋጠሮ፣ ሁሉም ይጠፋና አንድ ወጥ ቀይ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ሂስቶግራሙን በሦስቱም ቀለማት ክፈቺው፤ ቀዩ የቀኝ ጠርዙን ከነካ ብርሃኑን ቀንሺ።

ሌንሱን በቆዳ ቦርሳ ዘግተሽ አታክርሚው። እዚህ እርጥበቱ የአሮጌውን ሌንሴን መስታወት እንደ ሸረሪት ድር በሻጋታ ሸፍኖታል። ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አድርጊው።

ለ50ው የሚሆን ብር በዚህ ሳምንት በባንክ አስገባልሻለሁ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፤ ግን በባትሪ መብራት ውስጡን አይተሽ ግዢ። የአጎትሽ ሮው ፋይል ካልጠፋ እንደገና ሥሪውና ላኪልኝ፤ አያትሽ ሳሎን ልትሰቅለው ቦታ አዘጋጅታለች።

አባትሽ፣
ከጅማ