ያልነበረ መምህር የሰጠው 78፦ ለትምህርት ቢሮው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንዴት ሰነበቱ? ይህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መዝገብ ቤት ገብተው ማኅተም ተመቶባቸዋል፤ ገቢ ቁጥርም ተሰጥቷቸዋል። ይሄኛው ማኅተምም ቁጥርም የለውም። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይነበብ ይሆናል።

የእርስዎንም የቢሮዎንም ስም አልጻፍኩም። ፈርቼ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ። የእህቴ ልጅ ገና ከእናንተ ዘንድ የምታወጣው ወረቀት አለ።) ደግሞም ሌሎች ቢሮዎች ‹‹እኛን ነው እንዴ?›› ብለው ቢደነግጡ አልጠላም።

ጉዳዩን ያውቁታል። ግን ሦስቱን ደብዳቤዎች እንዳላነበቡ መልስዎ ስለነገረኝ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የእህቴ ልጅ በ2017 የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈተነች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። እንግሊዝኛ 54፣ ሒሳብ 49፣ ኬሚስትሪ 52፣ ባዮሎጂ 58፣ አፕቲትዩድ 45 አመጣች። ፊዚክስ 31። ድምሩ ከ600 289 ነው። ማለፊያው 300 መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። አሥራ አንድ ነጥብ ጎደላት። ፊዚክስ 42 ቢሆንላት ኖሮ እኔም አልጽፍም፣ እርስዎም ሻይዎን በሰላም ይጠጡ ነበር።

የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሯ አሁን እኔ ጋ ነው። በካኪ ወረቀት ተለብጧል። ስሟና ክፍሏ በጥንቃቄ ተጽፈውበታል። እስከ የካቲት 14 ቀን 2016 ድረስ ሙሉ ነው። ርዕሶቹ በቀይ እስክሪፕቶ ተሰምሮባቸዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ርዕስ ዳይናሚክስ ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ፤ 5 ኪሎ ግራም የሆነ ዕቃ በ20 ኒውተን ኃይል ቢገፋ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በምን ያህል ይጨምራል? መልሱ የለም። ደወል ተደወለ፣ መምህሩ ‹‹ነገ እንሠራዋለን›› ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ነጭ ናቸው።

መምህሩን አልወቅስም። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከዘይት አላልፍ ሲላቸው ሥራውን ትተው ሄዱ። እኔም ብሆን አደርገው ይሆናል። የምጠይቀው በእሳቸው ቦታ ማን ተተካ የሚለውን ነው። ማንም አልተተካም። የዚያን ዓመት ቀሪ ወራት፣ ከዚያም 12ኛ ክፍልን ሙሉውን፣ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሞኒተሩ ተነስቶ የሚረብሽ ልጅ ስም ይመዘግብ ነበር። ትምህርቱ ይኸው ነበር። የስፖርት መምህሩ አዝነውላቸው ሁለት ጊዜ ወርክሺት ይዘው መጥተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። መጽሐፉ ደግሞ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ተለቀቀ ተባለ። የእህቴ ስልክ ቁልፍ ያላት ቀፎ ናት። ልጅቷ ማታ ማታ ጎረቤት እየሄደች ከሰው ስልክ ላይ ትገለብጥ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ትራንስክሪፕቷን ስናወጣ ፊዚክስ ባዶ አልነበረም። 11ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር፦ 78። 12ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተር፦ 81። ሁለተኛ ሴሚስተር፦ 76።

ክቡር ሆይ፣ እባክዎን ይህቺን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቧት። መምህር የለም። ሚድ የለም። ፋይናል የለም። ውጤት ግን አለ። ያውም ጥሩ ውጤት!

ከየት መጣ? እሷም አታውቅም። ‹‹ሁላችንም ሰባ ምናምን ነው ያገኘነው›› አለችኝ። ነገሩ ግን ምስጢር አይደለም። አንድ ዓምድ ባዶ ከሆነ ሮስተሩ፣ የክፍሉ የውጤት መዝገብ፣ አይዘጋም። ሮስተሩ ካልተዘጋ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት አይልክም። ሪፖርት ካልተላከ ወረዳው ይቆጣል፣ ዞኑ ወረዳውን ይቆጣል፣ እርስዎ ደግሞ ዞኑን። ስለዚህ አንድ ሰው እስክሪፕቶውን አንስቶ ዓምዱን ሞላው። ሁሉም ተገላገለ። ከልጆቹ በስተቀር።

አቤቱታችንን ‹‹በሰንሰለቱ›› ነው ያቀረብነው። ሚያዝያ 2016 ላይ 23 ወላጆች ፈርመን ለወረዳው አስገባን። ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችው እናት ሳትቀር ተሰልፋ ነበር። ‹‹ቅጥር ተጠይቋል፣ በጀት እየተጠበቀ ነው›› ተባልን። ኅዳር 2017 ላይ ዞን ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ስብሰባው አልቆ ሥልጠና ተጀመረ። ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥተን ተመለስን። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ከፈተናው በፊት የተጻፉ ናቸው። ‹‹ልጃቸው ስትወድቅ ጊዜ ሰበብ ፈለጉ›› እንዳይሉን ቀኖቹን ደግሜ እጽፋቸዋለሁ፦ ሚያዝያ 2016፣ ኅዳር 2017። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን።

ሦስተኛውን ውጤቱ ከወጣ በኋላ፣ ጥቅምት 2018 ላይ፣ ለእርስዎ ጻፍኩ። መልስዎ ታኅሣሥ ላይ ደረሰኝ። ሰባት መስመር ነው። ሁለቱ ሰላምታ ናቸው። ከተቀሩት አንዱን ቃል በቃል እነሆ፦ ‹‹ተማሪዋ የፊዚክስ ትምህርትን በሦስቱም ሴሚስተሮች በአግባቡ የተከታተለች መሆኑን ከትምህርት ማስረጃዋ ያረጋገጥን ሲሆን፣ ፈተናውም ማለፊያ ነጥቡም ለሁሉም አንድ በመሆኑ የደረሰባት በደል የለም።››

በአግባቡ የተከታተለች! ከትምህርት ማስረጃዋ!

ዓምዱን የሞላው እጅ ያንን ያደረገው ለሮስተሩ ብሎ ነው እንበል። እርስዎ ግን ያንኑ የፈጠራ ቁጥር አንስተው በልጅቷ ላይ ምስክር አድርገው አቆሙት። አልተማርኩም ስትል ‹‹ይኸው 78 አለሽ›› አሏት። 78 ካላትማ 31 ያመጣችው በራሷ ስንፍና ነዋ! ቤት ውስጥ ያቺን መስመር ጮክ ብዬ ሳነብ ልጅቷ ምንም አላለችም። ተነስታ ደብተሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ጋ የቀረው እንዲያ ነው።

‹‹ለሁሉም አንድ›› ወደሚለው ልመለስ። መልስዎን ሳነብ ‹‹የትምህርት ዘርፉ ኃላፊ ቁጥሮቹን አልሰሙም ይሆን?›› አልኩ። ሰምተዋል እንጂ። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ነው በአደባባይ የተናገራቸው። የ2014 ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ከ845 ሺህ ተፈታኞች 27,267፤ 3.2 በመቶ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በ2017 የማለፊያው መጠን 8.4 በመቶ ደረሰ፤ ተሻሻለ ተባለ፤ ይሁን ተሻሽሏል። አንድ ክፍል ሙሉ ተፈትኖ አንድ ልጅ እንኳ ሳያልፍ ሲቀር፣ ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ቀን ሰነፍ ሆነ ማለት ነው? ወይስ የካቲት ላይ የተቋረጡ ደብተሮች በየቤቱ አሉ?

ኩረጃው ይመለስ እያልኩ እንዳይመስልዎት። በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው በሙሉ ሲሰረዝ፣ ተፈታኝ ወንድም ነበረኝ፤ የዚያን ቀን ፊቱን አልረሳውም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉን ከደገፉት አንዱ ነኝ። ዛሬም እደግፋለሁ። በሩ ላይ ጥበቃውን አጠበቃችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን ልጁ በሩ ጋ እስኪደርስ ያሉትን አሥራ ሁለት ዓመታት ማን ጠበቀለት? ቀድሞ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለታዳጊ ክልል ልጆች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ነበረ። እሱም ሐሜት አልተለየውም፤ ቢያንስ ግን ‹‹መነሻችሁ እኩል አይደለም›› የሚል እምነት ነበረበት። አሁን 50 በመቶ ነው፣ አለቀ። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ቲቶሪያል እየተጨመረለት የሚደርስበትን 50 የእኛዋ ልጅ በሰው ስልክ ትድረስበት። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ያውቁታል፤ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት ስለ መጠቀም ይናገራል። በወረቀት እኩልነቱስ አለን፤ የእኛም ክፍል ፕሮግራም ላይ ‹‹ፊዚክስ›› የሚል ተጽፎበታል።

‹‹ሬሜዲያል ገብታ የለ?›› እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መልስዎም ላይ ‹‹ዕድል ተሰጥቷታል›› የሚል አለ። ገብታለች። ማለፊያው ለጎደላቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ነው፤ የአቅም ማሻሻያ ነው የሚባለው። ስሙ ራሱ ያናድደኛል። አቅም አንሶት የተገኘው ማን ሆኖ ነው እሷ የምትሻሻለው? የሦስት ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ወራት ይታጨቅባታል። እንደገና 50 ካላመጣች ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ካመጣችም እኩዮቿ ቀድመዋታል። ለዚያ ሁሉ ‹‹አመሰግናለሁ›› በሉ ነው የምንባለው።

በገባች በሁለተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። ምግቡን ወይም ዶርሙን የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ የፊዚክስ ቲቸሩ እኮ በየቀኑ ይመጣል›› አለችኝ። እየተገረመች ነው የነገረችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መምህር ክፍል መግባቱ ይገርማታል።

እንግዲህ የምፈልገውን ልንገርዎት። ብዙ አይደለም። ነጥብ ይጨመርላት አላልኩም፤ ልጅቷም አትፈልገውም፣ ጠይቄያታለሁ። ለየት ያለ ምደባም አልለምንም። ከተቻለ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የትኛው ትምህርት ለስንት ወር ያለ መምህር እንደቀረ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይገለጽ፤ ‹‹አላሳለፈም›› የሚባለው ትምህርት ቤቱ ይሁን ቢሮው ሕዝቡ ይለየው። ይሄ ግን የእርስዎ ውሳኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእርስዎ እጅ ያለውን አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ማድረግ ይችላሉ።

‹‹ከትምህርት ማስረጃዋ አረጋግጠናል›› ብለዋል። እንግዲያውስ ማስረጃ የሚሰጥ ሰው አለ ማለት ነው። ከየካቲት 15 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 2017 ድረስ በዚያ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማሩትን፣ የፈተኑትንና 78ን፣ 81ንና 76ን የሰጡትን መምህር ስም ይጻፉልኝ። የፔሮል ቁጥራቸውም ካለ ጥሩ ነው። ደመወዝ ሲከፈላቸው ከነበረ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን የሚጠይቅ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ።

ሰውየው ከተገኙ ትምህርት ቤቱ ድረስ ብቅ ይበሉልን። ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። የካቲት 14 ‹‹ነገ እንሠራዋለን›› ተብላ የቀረች አንዲት ጥያቄ አለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የተማሪዋ አጎት

ግልባጭ፦
ለእህቴ
ለ22ቱ ወላጆች