የሙዚየም ክበባችን በፍራንክፈርት

ክበቡን ስንጀምር አንዳንድ ወላጆች "ቅዳሜ የምናመጣቸው አማርኛ እንዲማሩ ነው፣ ሙዚየምማ ከጀርመን ትምህርት ቤታቸው ጋር ይሄዱ የለ እንዴ" ብለውን ነበር። ልክ ናቸው፣ ግን እዛ ወሬው በጀርመንኛ ነው፣ ከኛ ጋር ሲሆን ደሞ አንድ ነገር ፊት ቁጭ ብለው የሚያዩትን በአማርኛ ማውራት አለባቸው፣ የክበቡ ሥራ በቃ ይሄው ነው።

ሽቴደል ሙዚየም የ700 ዓመት ስዕል አለ፣ ሁሉንም እንይ ብንል ድካም ብቻ ነው ትርፉ፣ ስለዚህ ሁለት መረጥን። አንደኛው ቲሽባይን እ.ኤ.አ. በ1787 የሳለው ጎተ ነው፣ ጎተ ታዋቂው ጀርመናዊ ደራሲ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ ነጭ ካባ ለብሶ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ሜዳ ላይ ጋደም ብሏል። ቆይታ ቆይታ አንዷ "ቲቸር እግሩን እዪው፣ ሁለቱም ግራ ነው!" አለች። እኔ አውቄ ዝም ብዬ ነበር የምጠብቀው፣ ስዕሉ በዚህ የታወቀ ነው። ከዛማ አንዱ ወለሉ ላይ እንደ ጎተ ጋደም ብሎ እግሩን ሊያጣምም ሲታገል ጥበቃው ራሱ ሳቀ። ሁለተኛው የሆላንዱ ሠዓሊ የቬርሜር "ጂኦግራፈር" ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1669 የተሳለ፣ ሰውዬው ኮምፓሱን እንደያዘ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ያያል፣ ልጆቹ ግን "ይቺ ትንሽዬ ናት እንዴ?" ብለው ቅር አላቸው።

የኔ ምርጫ ግን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ዜንከንበርግ ነው። ዳይኖሰሮቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ሩፕልን ግን ማንም አያውቀውም። ኤድዋርድ ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1794 እዚሁ ፍራንክፈርት የተወለደ ሰውዬ ነው፣ በ1830ዎቹ በምጽዋ ገብቶ ሰሜን ተራራና ጎንደር ድረስ ሄዶ የሰበሰበውን እንስሳ ወደዚህ አመጣ፣ ዋሊያንና ጭላዳን ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻቸው እሱ ነው፣ ቀይ ቀበሮንም እንደዛው። የግዕዝ ብራናዎችም አምጥቷል፣ አሁን ያሉት ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። ይሄን ስነግራቸው አንዱ ልጅ "ሸጡለት ወይስ ወሰደ?" አለ፣ በቃ ክርክር ተነሳ፣ ስንመለስ ኡባን (የምድር ባቡሩ) ውስጥም አላቆመም፣ ደስ ያለኝ ክርክሩ በአማርኛ መሆኑ ነው (ሲናደዱ ጀርመንኛ ጣል ያረጉበታል እንጂ)።

ኮሙኒኬሽን ሙዚየም ከድሮ ስልክ የተሠሩ በጎች አሉ፣ ጭንቅላታቸው ስልኩ፣ ፀጉራቸው ጥምዝምዝ ገመድ፣ እግራቸው እጀታው። ልጆቹ መደወያው የሚሽከረከረውን ስልክ እንዴት እንደሚደወልበት ግራ ገባቸው፣ አብራን የመጣች አንዲት እናት ቴሌ ሄደው ተሰልፈው ሲደውሉ የነበረውን ስታወራላቸው አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሊቢግሃውስ የሚባለው ሙዚየም ሐውልቶቹን ለማየት አስበናል። ፍራንክፈርት የሚኖሩ ወይ የሚማሩ ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ሙዚየም በነፃ የሚያስገባውን የኩፍቲ ትኬት በነፃ ማውጣት ይችላሉ፣ ያላወጣችሁላቸው አውጡላቸው። ምሳም ቋጥራችሁ ላኩ፣ የሙዚየም ካፌ ውድ ነው።